የባሕር ዳሩ ወንበር

ስለ ሚኒስትር ይጻፋል። ስለ ጄኔራል ይጻፋል። ስለ ፓርቲ ሊቀመንበር፣ ፌስቡክ ላይ ቀጥታ ገብቶ ስለሚፎክር ሰው ሳይቀር ብዙ ይጻፋል። ስለ ክልል ምክር ቤት አባል ግን የሚጽፍ ሰው አላጋጠመኝም። ከሐይቅም ይሁን ከወልድያ፣ ከወረኢሉም ይሁን ከላስታ ተመርጦ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ በእኛ ስም እጁን የሚያወጣውን ሰው በስሙ የሚያውቀው ስንቱ ነው? ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ አላፊ አግዳሚውን ጠይቁ። የፌዴራሉን ተወካይ የሚነግራችሁ ምናልባት ታገኙ ይሆናል፣ የክልሉን ግን እጠራጠራለሁ።

እኔ አንድ የማውቀው አለኝ። የእናቴ ወንድም ነው። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ስሙ ሲነሳ ደስ አይለውም፤ አጎቴ እያልኩ ልቀጥል። ተሁለደሬ ውስጥ ብዙ ዘመን ያስተማረ መምህር ነው። ለክልል ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ተመርጧል፣ አንድ ጊዜ ተሸንፏል። ስለዚያ ወንበር የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅኩት ከእሱ ነው፤ ያወቅኩትም ነገር እረፍት ስለነሳኝ ነው የምጽፈው። ወንበሩ ትልቅ ነው። እኛ ደግሞ ማን እንደተቀመጠበት አንጠይቅም።

መጀመሪያ ወንበሩን እንየው። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ክልሉ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው 138 ሰው ነው። ስለዚህ በብዙ የምርጫ ክልል ለፌዴራሉ አንድ ሰው ስንመርጥ ለክልሉ ከአንድ በላይ እንመርጣለን። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው ይህ ምክር ቤት ነው፣ የክልሉን በጀት የሚያጸድቀውም፣ የክልሉን ዳኞች የሚሾመውም እሱ ነው። ክልሉን ወክለው ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚገቡትም በእሱ በኩል ነው የሚያልፉት። ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 105 ነው። በምዕራፍ ሦስት የተጻፉትን መብቶች፣ ማለትም የመኖርን፣ የመናገርን፣ የሃይማኖትን፣ ያለ ሕግ ያለመታሰርን መብት ለመለወጥ የፌዴራሎቹ ሁለት ምክር ቤቶች ድምፅ ብቻ አይበቃም፣ የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች በየራሳቸው በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ አለባቸው። አንዱ ክልል እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ስሙን የማናውቀው ሰው እጅ እስከዚህ ድረስ ይደርሳል!

ሥራው እንደ ፌዴራሉ ቋሚ አይደለም። አዲስ አበባ የሚቀመጠው የሕዝብ ተወካይ ሥራው ያ ብቻ ነው፣ ደመወዝም አለው። የክልሉ ተወካይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ እንጀራ አለው፤ መምህር ይሆናል፣ የወረዳ ኃላፊ ይሆናል፣ ገበሬ ይሆናል። ጉባኤ ሲጠራ ሻንጣውን ይዞ ይነሳል፤ በተለይ ሐምሌ ላይ፣ የበጀት ዓመቱ ሲገባ።

መንገዱስ? ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ባሕር ዳር በወልድያ በኩል 480 ገደማ ይሆናል። የራሳችን ክልል መቀመጫ ከአገሪቱ ዋና ከተማ ይልቅ ይርቀናል ማለት ነው። ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረ ጊዜ 12 አውራጃ ነበረው፣ ከአውሳ እስከ ቦረና፣ ከዋግ እስከ ቃሉ፣ ሁሉም ጉዳዩን ይዞ የሚመጣው ደሴ ነበር። ዛሬ ዋግና ከሚሴ የራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት ስላላቸው ትንሽ ይሻላቸዋል እላለሁ፣ ቢያንስ ቅርብ የሆነ የሚጮሁበት ቤት አላቸው። እኛ የደቡብና የሰሜን ወሎ ሰዎች ግን ጩኸታችንን ባሕር ዳር ድረስ የሚያደርስልን ያ ሰው ብቻ ነው። አጎቴ ጎህ ሳይቀድ ከደሴ ተነስቶ፣ ወልድያ ላይ ቁርስ ቀምሶ፣ የድልብን ዳገት ወጥቶ፣ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫ፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ ሲወርድ ቀኑ እያለቀ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጉባኤ መቀመጥ አለበት።

አያቴ በሕይወት ሳለ የጃንሆይን ጊዜ ምርጫ ያወራልን ነበር። በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ የተደረገው በ1950 ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው አንድ የምርጫ ክልል ሁለት ሰው ይልክ ነበር፣ የሚወዳደረውም እዚያው የሚኖርና ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ያ ማለት ጭሰኛው ይመርጣል እንጂ አይመረጥም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አያቴ ማንበብ ሳይችል የመረጠውን ሰው ስም፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ በቅሎው ምን ዓይነት እንደነበረች ሳይቀር ያውቅ ነበር። ምልክት የሚያሳይ ፓርቲ ስላልነበረ ሰውየውን ነበር የሚያዩት።

ይህን ስል ያ ዘመን ደግ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ወሎ ላይ ተቀምጦ ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። የመጨረሻው የዚያ ሥርዓት ምርጫ የተደረገው በ1965 ሰኔ ውስጥ ነው። ያኔ ወሎ እያለቀች ነበር። ከደሴ በወልድያ ወደ ቆቦ የሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ሰው ወድቆ ምጽዋት ይጠብቅ ነበር፣ መንግሥት ደግሞ ረሃቡን ይደብቅ ነበር። በዚያው ወር የምርጫ ሳጥን ተቀመጠ። እኔ ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል። ለማን ነበር የሚመርጡት? የተመረጠውስ ምን ብሎ ሄደ? ከአንድ ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ያ ምክር ቤትም ተዘጋ። ከዚያ እስከ 1979 ድረስ ሳጥን የሚባል አልታየም፤ ሲታይም 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ነበር፣ እጩውም ከላይ ተመርጦ የመጣ ነው። እሱን እንለፈው።

አጎቴ የገባው በ1992 ነው፣ ሁለተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ላይ። በገዢው ፓርቲ ምልክት በንቧ ነው የተወዳደረው። በድምፅ ማጉያ የሚጮህ መኪና አልነበረውም፣ በእግሩ ነው የዞረው። ገበያ ቀን ገበያ፣ ለቅሶ ሲኖር ለቅሶ ቤት፣ ቅሬ ሲሰበሰብ ቅሬው ዘንድ፤ አዲስ አበባ ላላችሁ፣ እድር የምትሉት ነው። ሰዉ ስለ ፓርቲው ፕሮግራም አንድም ነገር አልጠየቀውም። አንዲት እናት ግን ከስብሰባው መሃል ተነስተው፣

"መምህር፣ አንተ ባሕር ዳር ስትሄድ ልጆቻችንን ማን ሊያስተምርልን ነው?" አሉት።

"ሥራዬን አለቅም እማማ። ያለፈውን ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ አካክሳለሁ" አላቸው።

ቃሉን ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከጓሮ በር ሲወጣ ጠመኔ በኪሱ ይዞ ነበር፣ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

አሁን ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፣ ልባሱ ሰማያዊ፣ ጠርዙ በቡና ተነክሯል። በግራ ገጽ የሰዉ ጥያቄ ይጻፋል፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ ጥያቄውን የት እንዳደረሰው፣ ማንን እንዳናገረ፣ ምን እንደተመለሰለት። ያለቀው በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል፣ ያላለቀው ይከበባል፣ ልክ የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ነው የሚሠራው። "7ኛ ክፍል ይከፈትልን፤ ሴቶቹ ልጆች ከ6ኛ እየቀሩ ነው።" ምልክት አለው። "የወንዙ መሻገሪያ፤ ክረምት ልጆች ትምህርት ያቋርጣሉ።" ተከቧል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተጽፎ ተከቧል። በሚቀጥለውም። የአንዲት ባል የሞተባት ሴት የመሬት ክርክር ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦ "የእኔ ሥራ አይደለም፣ የፍርድ ቤት ነው። ግን ማመልከቻ የሚጽፍላት ሰው የላትም፤ እሁድ እጽፍላታለሁ።" ከአጠገቡ ቀይ ምልክት።

የመሻገሪያው ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አጎቴ ደብዳቤውን ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ፣ አንዴ ጥናት ተጀምሯል ይባላል፣ አንዴ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ አንዴ ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው። በጉባኤ ላይ ግን ተነስቶ ጠይቋል። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ስለዚያ ቃለ ጉባኤ ሲያወራ አንገቱ ቀና ይላል፣ እኔም ልክ ነው እላለሁ፤ ቢያንስ ያ ወንዝ በክልሉ መዝገብ ላይ በስሙ ተጠርቷል።

1997ን የማያስታውስ የለም። በቴሌቪዥን ክርክር ታየ፣ ሰዉ ትራንዚስተር ራዲዮ ከብቦ አመሸ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ ፖለቲካ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን ሰልፉ ከንጋት ጀምሮ ነበር፣ ሽማግሌ፣ አሮጊት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ማንም ሰልፉን ጥሎ አልሄደም። በክልሉ ምክር ቤት ተቃዋሚው ቅንጅት ከ294ቱ 106ቱን ወሰደ። አጎቴም ከተሸነፉት አንዱ ሆነ። ውጤቱ የምርጫ ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ ነው ያየው። አንብቦ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ምን እንደሆነ ነው የምወደው። ጎረቤቱ ሊያጽናናው መጣ። ያልመረጡት ሰዎች ናቸው የመጡት! ቡና ተፈላ፣ አንዱ ሽማግሌ፣

"አብሽር መምህር፣ እንዳትቀየመን። በአንተ አይደለም፣ በምልክቱ ነው የጨከንነው" አሉት።

"ታዲያ እኔ የት ሄጄ ነው ምልክቱ የተመረጠው?" አላቸው አጎቴ።

አልተቀየማቸውም፣ ግን ያ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። በ1992 የመረጡትም ንቧን ነበር ማለት ነው? ቅዳሜ የሚያስተምረው፣ እሁድ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውስ? ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ሰውየው ከሒሳቡ ውጪ ነበር። የፓርቲ ምርጫ ሲሆን ይህ የተወሰነ ልክ እንዳለው አውቃለሁ፤ ፖሊሲን የሚመርጥ ሰው ፓርቲን ይመርጣል። ነገር ግን የክልል ወንበር ላይ የሚጠየቀው በአብዛኛው የመንገድ፣ የውሃ፣ የመምህር፣ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ሰውየው ራሱ ብዙ ያመጣል፣ ብዙም ያበላሻል።

ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ ደብተሩን ይዞ ያሸነፈው ሰው ቤት ሄደ። እጩዎቹ ይተዋወቃሉ፣ የአንድ አካባቢ ልጆች ናቸው። "ይህ የሰዉ አደራ ነው፣ ለእኔ የተሰጠ አይደለም" ብሎ አስረከበው። ሰውየውም ቁጭ ብሎ ተከበው የቀሩትን ሁሉ በራሱ ደብተር ላይ በእጁ ገልብጦ ዋናውን መለሰለት። ከዚያ በኋላ አገሩ በምን ሁኔታ ውስጥ እንዳለፈ ታውቃላችሁ፣ አልመለስበትም። ግን ሁለት ተፎካካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሆነው የወንዝ መሻገሪያ ጥያቄ ሲገለብጡ ማየት፣ እኔ ፖለቲካ ሲባል የሚታየኝ ይህ ነው፣ ይህ እንዲሆንም እመኛለሁ።

በ2002 እንደገና እንዲወዳደር ተጠየቀ፣ እሺ አለ። ለምን ስለው "ያልታረመ ገጽ አለኝ" ነው ያለኝ። በዚያ ዓመት በፌዴራሉ ከ547 ወንበር ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 545ቱን ወሰዱ፤ በእኛ ክልል ደግሞ 294ቱም የአንድ ፓርቲ ሆኑ። ለአጎቴ መመረጥ ቀላል ሆነለት፣ ሥራው ግን ከበደው። ሰዉ መጠየቅ አቆመ። ቅሬው ዘንድ ሲሄድ እንደ በፊቱ የሚያፋጥጥ የለም፣ "እንግዲህ ታሸንፋለህ መምህር" ይሉታል፣ ቡና ይሰጡታል፣ ያበቃል። እኔ ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ተፎካካሪ ከሌለ መራጩ የሚያወዳድረው ነገር የለውም፣ ተወካዩም የሚሰጋው ነገር የለውም፤ ያኔ ጨዋ ተወካይ የሚያገኝ ሕዝብ በዕድሉ ነው የሚያገኘው። በ2007 አልተወዳደረም። ጉልበቱ ያንን መንገድ አልቻለውም።

2013 ላይ፣ ሰኔ 14፣ እኔም ሁለት ወረቀት ተሰጠኝ፣ አንዱ ለፌዴራል፣ አንዱ ለክልል። አውራ ጣቴ ላይ ቀለም ተቀባሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ስገባ የክልሉን ወረቀት ቆሜ አነበብኩት፣ ስሞቹን በሙሉ። ከውጭ ያለው ሰልፍ ረጅም ስለነበር ብዙው ሰው ምልክቱን አይቶ፣ የገዢውን ፓርቲ አምፖል ወይም ሌላውን፣ ቶሎ ነበር የሚወጣው። አልፈርድም። ስማቸውን ከዚያ በፊት ያስተዋወቀን ማን ነበርና?

ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቆይቶ ጦርነቱ እኛ ዘንድ መጣ። ቆቦ፣ ላሊበላ፣ ወልድያ ተራ በተራ ተያዙ። መስከረም 20 ቀን 2014 አዲሱ የክልል ምክር ቤት ባሕር ዳር ላይ ተሰብስቦ ርዕሰ መስተዳድር ሲመርጥ፣ ከሰሜን ወሎ የተመረጡ ሰዎች መራጮቻቸው በተያዘ አገር ውስጥ ነበሩ። እስቲ አስቡት። ቃለ መሐላ እየፈጸምክ የመረጠህ ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም፣ ስልክ አይሠራም፣ መንገድ ተዘግቷል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደሴም ተያዘች፣ የተመለሰችው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ የነበሩ ተወካዮች ምን እንዳሰቡ፣ ምን እንደጠየቁ፣ ጉባኤ ላይ ስለ ወሎ ማን ምን ብሎ እንደተናገረ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ። ያው ምክር ቤት ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ በይልቃል ከፋለ ምትክ አረጋ ከበደን ርዕሰ መስተዳድር አድርጎ ሰየመ። አሁንም በእኛ ስም እጅ ያወጡ ሰዎች አሉ፣ አሁንም ስማቸውን አናውቅም።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ 18 ዓመት ሞልቶት ለመጀመሪያ ጊዜ የቀበሌ ተወካይ የመረጠ ልጅ ዛሬ ሠላሳውን አልፏል፣ ሁለተኛ ዕድል ግን አላገኘም። ስለዚህ የወረዳው ወንበር ላይ ያለው ሰው በእኛ ድምፅ ነው የተቀመጠው ለማለት ይከብዳል። ከታች ያለው እንዲህ ከሆነ የክልሉ ተወካይ ለገጠሩ ሰው የቀረው የመጨረሻ ቅርብ ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይላል። የማታውቀውን ሰው ግን እንዴት ታነሳለህ?

አጎቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሴት ልጁ ሐይቅ ከተማ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ በሚቀጥለው ምርጫ ለክልሉ በግል እወዳደራለሁ ብላ ተነስታለች። ቤቱ ለሁለት ተከፍሏል። እናቷ በዚህ ጊዜ፣ መንገዱ እንኳ ሰላም ባልሆነበት፣ ምን አጣሽ ልጄ ትላታለች፣ ፍርሃቷም ይገባኛል። አጎቴ እሺም እምቢም አላለም። አንድ ማታ እራት ላይ ብቻ፣

"የወረዳው ቀበሌዎች ስንት ናቸው?" አላት። ነገረችው።

"ስንቱን በእግርሽ ረግጠሻል?"

ዝም አለች።

"ክረምት የሚቆረጠው መንገድ የቱ ነው? መምህር የሌለው ትምህርት ቤትስ የትኛው ነው? ንብ ነሽ አምፖል የሚልሽ የለም፣ ባዶ እጅሽን ነው የምትሄጂው። ይህን ካላወቅሽ ምን ብለሽ ትቀሰቅሻለሽ?"

ከዚያ ማታ ወዲህ የእረፍት ቀኗን በሙሉ ገጠር ለገጠር ናት። የመንደር ቅሬዎችን ሰብሳቢዎች አግኝታለች፣ የጤና ኬላ ሠራተኞችን አነጋግራለች፤ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሳይኖረው ወራት ማለፉን ሰምታ መጥታ አባቷን ጠይቃዋለች፣ አሁን ለማን እንደሚጻፍ አብረው እያዩ ነው። አጎቴ የራሱን ደብተር አልሰጣትም፤ አዲስ ግዢ ነው ያላት። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ቀበሌዎች ገና አላየችም፤ የሚመጣው እሁድ ዝናቡ ካልከለከለን እኔም አብሬያት እሻገራለሁ፣ እዚያ ሰዉ ምን እንዳለን በሚቀጥለው እጽፍላችኋለሁ።